መርዶ ወግ አለው

በአገራችን የሩቅ ሰው ሞት ቤተሰቡ ዘንድ በድንገት አይደርስም። ወሬውን ቀድሞ የሚሰማው ጎረቤት ነው፣ ወይም የእድር ዳኛ፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። የሰማ ሰው እየሮጠ አይናገርም። መጀመሪያ ይጠይቃል፦ ከማን ሰማህ? የነገረህ ሰው በዓይኑ አይቷል? መቼ ነው የሆነው? የት? መስካሪው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለተኛ ይፈለጋል። ነገሩ ሲረጋገጥ ነጋሪዎቹ ይመረጣሉ፤ ሰዓቱም ይመረጣል። ጎህ ሲቀድ አምስት ስድስት ሆነው በሩን ያንኳኳሉ። እናት ብትወድቅ የሚይዛት ክንድ አለ፤ ውሃ የሚያቀርብ፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለቀረው ዘመድ የሚደውል ሰው ደጅ ቆሟል። የሐሰት መርዶ ሰው እንደሚገድል የቀደሙት ያውቁ ስለነበር ነገሩን በወግ አጠሩት።

ዛሬ መርዶው በስልክ ይመጣል። ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ፣ ወይም ዱራሜ፣ ወይም ሾኔ፣ አንዲት እናት ማታ የልጇን የኢሞ ጥሪ ስትጠብቅ ቲክቶክ ትከፍታለች። ሱቅ ይነድዳል፤ ሰው ይጮኻል፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው አንድ ወጣት መሬት ላይ አስተኝቶ እጁን የኋሊት ያስራል። ከላይ በቀይ ፊደል «ዛሬ! ደቡብ አፍሪካ! ሐበሾችን እያፈሱ ነው! ሼር» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንዳየ የጠየቀ የለም፤ መቼ እንደሆነ የጠየቀም የለም። የሚይዛት ክንድም የለም፤ ብቻዋን ናት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው።

ይህ ምዕራፍ እነዚያ የሽማግሌ ጥያቄዎች ለስልክም እንዴት እንደሚሠሩ ያሳያል። ጥያቄዎቹ አላረጁም፤ የተለወጠው የሚጠየቀው ነገር ነው።

ቪዲዮው ለምን እዚህ ይበረታል?

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሀዲያ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዶዮገና፣ ወደ አንጋጫና ዱራሜ የወጣ ሰው መንገድ ዳር የሚያየው ነገር አለ፦ ከእንሰት ጓሮ መሀል ብቅ ያለ ባለ ፎቅ ቤት። የቤቱ ሲሚንቶና ቆርቆሮ በራንድ የተገዛ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይጎርፋል። ከውጭ አገር የመጣ ሰባኪ ወደ ደቡብ የሚወስድ በር እንደሚከፈት ተንብዮ ነበር የሚለው ትረካ እስከ ዛሬ በከተማዋ ይነገራል።

መንገዱ በሞያሌ ኬንያ ይገባል፤ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ወይም ዛምቢያን፣ ሞዛምቢክን ወይም ዚምባብዌን ያቋርጣል። ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚህ መስመር የሆነውን ለመስማት ቪዲዮ አያስፈልግም። በሰኔ 2004 ዓ.ም. ታንዛኒያ ውስጥ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ታፍነው በተጫኑበት መኪና አለቁ። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰው ሞቶ ተገኘ፤ የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ማላዊ፣ ምዚምባ አውራጃ ጫካ ውስጥ ከ25 በላይ አስከሬን የተቀበረበት የጅምላ መቃብር ተገኘ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ ዛምቢያ፣ ሉሳካ ዳርቻ መንገድ ዳር 27 አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ አብሯቸው የተጣለ አንድ ሰው ግን ነፍሱ አልወጣችም ነበር። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ልጁን በዚያ መንገድ የሸኘ ቤት ሁሉ ስልኩን ያነሳል።

የሐሰት ቪዲዮ እዚህ የሚበረታው ሰው የዋህ ስለሆነ አይደለም። እውነቱ ራሱ አስፈሪ ስለሆነ ነው። ሞቱም ዝርፊያውም እስሩም ሆኖ ያውቃል። አታላይ ቪዲዮ ደግሞ ሆኖ የሚያውቀውን ነገር ወስዶ ቦታውን ወይም ቀኑን ይለውጣል። ለዚህ ነው «ይህ ቪዲዮ እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ርቀት የማይወስደው። ሱቁ በእርግጥ ነድዷል፤ ሰውየው በእርግጥ ታስሯል። መጠየቅ ያለበት፦ የት? መቼ? አሳሪው ማነው? ከእኔ ልጅስ ምን ያገናኘዋል?

የት? የሱራት እሳት

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጆሃንስበርግና ፕሪቶሪያ ውስጥ የውጭ አገር ሰዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ዜናው እውነት ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ቪዲዮ አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ባለ ፎቅ ሕንጻ ከላይ ይነድዳል፤ ወጣቶች ከመስኮት እየተንጠለጠሉ ወደ መሬት ይዘልላሉ፤ ጢሱ ጥቁር ነው። ከቪዲዮው ጋር የተላከው መልእክት በደቡብ አፍሪካ የውጭ ዜጎች በቁማቸው እየተቃጠሉ እንደሆነ ይናገራል።

ሕንጻው ያለው ሕንድ ውስጥ፣ ሱራት በምትባል ከተማ ነው። ቀኑ ግንቦት 16 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር። በሕንጻው ላይኛ ፎቅ ትምህርት ይከታተሉ ከነበሩ ተማሪዎች 22ቱ ሞቱ። ልጆቹ ከእሳት ሲሸሹ የተቀረጸው ምስል ከሦስት ወር በኋላ ባሕር ተሻግሮ የሌላ አገር ጥቃት ማስረጃ ሆነ።

እስቲ ቪዲዮውን ቀስ አድርገን እንየው። መጀመሪያ ድምፁን። የሚጮኸው ሕዝብ ቋንቋ ዙሉ አይደለም፣ ሶቶም አይደለም። ቀጥሎ ጽሑፉን። ሰሌዳ ከታየ ፊደሉን እንመልከት፤ በሱራት የሚጻፈው ጉጅራቲ ነው። ቀጥሎ ሰዉን፣ አለባበሱን፣ ሞተር ሳይክሉን። እስካሁን ኢንተርኔት አላስፈለገንም። በመጨረሻ ከቪዲዮው አንድ ጥርት ያለ ቅጽበት ላይ አቁመን ስክሪንሾት እናንሳና ጎግል ሌንስ ላይ እንጫነው። የግንቦት ወር የሕንድ ዜናዎች ይደረደራሉ። ይህ ሁሉ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ያ ጊዜ ባለመሰጠቱ የመጣው ጣጣ ግን ቀላል አልነበረም። በእውነተኛው ጥቃት ላይ የሐሰቱ ሲጨመርበት ናይጄሪያ ውስጥ ቁጣ ገነፈለ፤ የደቡብ አፍሪካ ንብረት ናቸው የተባሉ መደብሮች ተዘረፉ፤ ደቡብ አፍሪካም በናይጄሪያ ያላትን ኤምባሲ ለጊዜው ዘጋች።

የትራፊክ መስመር ጥሩ ምስክር ነው። በደቡብ አፍሪካ መኪና በግራ ይነዳል፤ በአገራችን፣ በሊቢያ፣ በሳዑዲና በአሜሪካ በቀኝ። ቪዲዮው ውስጥ መኪኖቹ በቀኝ የሚሄዱ ከሆነ ቦታው ደቡብ አፍሪካ አይደለም። ግራ መሆኑ ግን ደቡብ አፍሪካ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ኬንያም ታንዛኒያም ሕንድም በግራ ነው የሚነዱት። አንድ ነገር እንጠንቀቅ፦ አንዳንድ ሰው ከቲክቶክ ቁጥጥር ለማምለጥ ቪዲዮውን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል። ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ የተገለበጠ ከሆነ ግራና ቀኙም ተገልብጧል።

የመኪና ሰሌዳ ከዚህ የበለጠ ይናገራል። የጆሃንስበርግና የፕሪቶሪያ መኪኖች ሰሌዳ በላቲን ፊደል «ጂ» እና «ፒ» ያበቃል፤ የሊምፖፖ «ኤል»፣ የምፑማላንጋ «ኤም» እና «ፒ»። ይህ ለአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ጥናት ሊጠይቅ ይችላል። ሆሳዕና ውስጥ ግን በየሰፈሩ ስምንት ዓመት «ሎኬሽን» በሚሉት የደቡብ አፍሪካ የከተማ ዳርቻ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ጠብቆ የተመለሰ ሰው አለ፤ ለእሱ ይህ የአገሩን ዕቃ ዋጋ እንደማወቅ ነው።

መቼ? ስምንት ዓመት የሚሰርቀው ካላንደር

ከቦታ ይልቅ ብዙ የሚዋሸው ቀን ነው። በደቡብ አፍሪካ የውጭ ሰው ላይ ያነጣጠረ ትልቅ ጥቃት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008፣ በ2015 እና በ2019 ደርሷል፤ በሐምሌ 2021 ደግሞ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዙማ መታሰር ባስነሳው ሁከት ከ300 በላይ ሰው ሞቷል፣ ሱቅ ያለ ልዩነት ተዘርፏል። ከነዚህ ሁሉ የተረፈ የቪዲዮ ክምችት አለ። አዲስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከክምችቱ አንዱ ይመዘዝና «ዛሬ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል።

እኛ ደግሞ ሌላው ዓለም የሌለበት ወጥመድ አለብን። ካላንደራችን ከእነሱ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። በደርባን ጥቃት በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የተቀረጸ ቪዲዮ ጥግ ላይ በእነሱ አቆጣጠር «2015» ይላል። ያንን ምስል በእኛ 2015 ዓ.ም. ያየ ሰው ቀኑን አይቶ «ዘንድሮ ነው» ቢል ሞኝ አይደለም፤ ቁጥሩን በትክክል አንብቧል። እንዲሁ በ2018 ዓ.ም. «2018» የሚል ማህተም ያየ ሰው ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈውን የትናንት ያደርገዋል። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ ያለ ዓመተ ምሕረት ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን አቆጣጠር?» ይሁን። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ጆሃንስበርግ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ስልኩ የሚጽፈው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ቀን የሚናገሩ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ወቅቱ የእኛን አይመስልም። ሐምሌ ላይ ሆሳዕና ጭቃ ነው፤ ጆሃንስበርግ ግን ደረቅ ብርድ ነው፣ ሣሩም ቢጫ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ከጥቅምት በኋላ ነው። ጃካራንዳ ጆሃንስበርግንና ፕሪቶሪያን ሐምራዊ የሚያለብሰው በጥቅምትና በኅዳር ነው። «ዛሬ ጠዋት» ተብሎ በሰኔ የተላከ ቪዲዮ ውስጥ መንገዱ ላይ ሐምራዊ አበባ ከረገፈ ዛፉ አጋልጦታል።

እውነተኛ አፈሳም ደጋግሞ ይመጣል። በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በብዛት በሚገኙበት በጄፔ ጎዳና አካባቢ የሚደረግ ፍተሻ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ያው ጎዳና፣ ያው ሕንጻ፣ ያው የፖሊስ መኪና። ሐምሌ 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ፖሊስ አስመስለው የተሠሩ ዕቃዎችን ሊወርስ ገብቶ በድንጋይ ተመለሰ፤ ነሐሴ 1 ቀን በብዙ ኃይል ተመልሶ ከ500 በላይ ሰዎች ያዘ። የዚያን ቀን ምስል ዛሬ ቢላክልን ውስጡ ውሸት የሆነ ነገር አናገኝም። ውሸቱ «ዛሬ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ማን? መንግሥትና መንግሥት መሳይ

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ የሚያስረው፣ መታወቂያ የሚጠይቀው፣ ሱቅ የሚዘጋው ማነው?

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከምግብ መመረዝ ጋር በተያያዘ ሕፃናት ሞቱ። ሶዌቶ፣ ናሌዲ ውስጥ ስድስት ልጆች የሞቱት ተርቡፎስ በተባለ የተባይ መርዝ ነበር። ጣት የተቀሰረው በሰፈር ሱቆች ላይ ነው፤ እነሱ ስፓዛ የሚሏቸው፣ ብዙ የሀዲያና የከምባታ ልጅ እንጀራውን የሚጋግርባቸው ሱቆች። ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ራማፎዛ በቴሌቪዥን ቀርበው ሱቆቹ ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ በየማዘጋጃ ቤታቸው እንዲመዘገቡ አዘዙ። ቀነ ገደቡ በኋላ እስከ የካቲት 21 ተራዘመ።

ትእዛዙን በጥሞና የሰማ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። መመዝገቡ የአገሬውን ሱቅም ይመለከታል፤ ቀኑም ተራዝሟል። በቪዲዮ የሚደርሰን ግን የተዘጋ በር፣ የተጣለ ዕቃና የሚጮኽ ሕዝብ ነው። በሩን የዘጋው የማዘጋጃ ቤት የጤና ተቆጣጣሪ ነው? ፖሊስ ነው? ወይስ የሰፈር ወጣት? ሦስቱ የተለያየ ነገር ናቸው። በመጀመሪያው ይግባኝና ምዝገባ አለ፤ በሦስተኛው ወንጀል ተፈጽሟል።

ኦፕሬሽን ዱዱላ እዚህ ላይ ይነሳል። በ2013 ዓ.ም. ሶዌቶ ውስጥ የተነሳ፣ የውጭ ዜጎችን የሚቃወም እንቅስቃሴ ነው። አባላቱ ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው ሱቅና ክሊኒክ በር ላይ ቆመው መታወቂያ ይጠይቃሉ። ቪዲዮውን ከሩቅ ያየ ሰው መንግሥት ያደረገው ይመስለዋል። ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቡድኑ ከማንም ሰው ፓስፖርት ወይም መታወቂያ እንዳይጠይቅ አገደ፤ ይህ ሥልጣን የኢሚግሬሽን መኮንንና የፖሊስ ብቻ ነው አለ። ልጇን «ወረቀትህን ከጠየቁህ ስጥ» ብላ የምትመክር እናት የጠያቂውን ማንነት ብታውቅ ምክሯ ይለወጣል።

ሕጉም ቢሆን ቪዲዮው እንደሚለው በአንድ ሌሊት አያልፍም። በደቡብ አፍሪካ በኢሚግሬሽን ጉዳይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በሰኔ 2009 ዓ.ም. ወስኗል። አዲስ ደንብ ሲወጣ በመንግሥት ጋዜጣ ይታተማል። ለአንዱ አገር ዜጋ የወጣም ለሁሉም አይሆንም፤ ለምሳሌ ለዚምባብዌያውያን ብቻ የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ፣ ቀነ ገደቡ በየጊዜው ይገለጻል፣ ይራዘማል። «የውጭ ዜጎች ፈቃድ በዚህ ቀን ያበቃል» የሚል ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ «የየትኛው አገር ዜጎች? የትኛው ፈቃድ?» ማለት የብዙ ቤት እንቅልፍ ይመልሳል።

ማን ያተርፋል?

ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላል። ጎፈሬ ገዳይ የሚያሳድገው የክብር ምልክት ነበር፤ ሳይገድል ያሳደገ ያልሠራበትን ክብር ይለብሳል። የዛሬው ጎፈሬ የተመልካች ብዛት ነው። ቪዲዮውን «ሰበር» ብሎ የለጠፈው ሰው ብዙውን ጊዜ ሆሳዕናንም ጆሃንስበርግንም አያውቅም፤ የሚፈልገው ተከታይና በላይቭ የሚላክለትን ስጦታ ነው።

ሌላው አትራፊ ደላላ ነው። ደላላ ከሁለቱም ወሬ ይበላል። መንገዱ ሰላም ነው የሚል ቪዲዮ ሲመጣ፣ ልጆች ባሕር ዳር ቆመው ሲስቁ ያሳይና ገንዘብ ይሰበስባል። አፈሳ በዛ የሚል ሲመጣ ደግሞ «ልጅሽን ላስፈታ እችላለሁ»፣ «ወረቀቱን በቶሎ ካላስተካከልን ይባረራል» ብሎ ይደውላል። ሁለቱም አንድ ምልክት አላቸው፦ ያጣድፋሉ። ዛሬ ማታ፣ አሁኑኑ፣ በዚህ ሒሳብ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባድ ቅጣት ይቀጣል፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ በሐዋላ ከወጣ በኋላ ሕጉ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

በአሳቢነት የሚላክም አለ፤ ይህ ከሁሉ ይበዛል። አክስት ለእህቷ፣ ዘማሪ ለመዘምራን ቡድኑ፣ መምህር ለቀድሞ ተማሪዎቹ «ኧረ ጸልዩ» ብሎ ይልካል። ክፋት የለበትም። ግን ከማያውቁት ሰው የመጣውን ቪዲዮ ሰው የሚያምነው ከአክስቱ ስልክ ሲደርሰው ነው።

ትልልቆቹም ከዚህ አልጸዱም። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ስለሚጎርፍ ስደተኛ የሚናገር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሰራጨ። ሰዎቹ ሲሮጡ የታዩበት ቦታ ግን ሜክሲኮ አልነበረም፤ የሞሮኮና የስፔኗ ሜሊላ ድንበር ነበር። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሶራ ሁለት የተባለው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቪዲዮ የሚሠራ መተግበሪያ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከናካቴው ያልተፈጸሙ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን አፈሳዎች በቲክቶክና በፌስቡክ ተበራክተዋል። ዋሽንግተንና ሚኒሶታ ዘመድ ያለው የሆሳዕና ሰው እነሱንም ያያል። እንዲህ ባለው ቪዲዮ ውስጥ የደንብ ልብሱን ጽሑፍና የኋላውን ሕዝብ ማየት ይጠቅማል፤ ፊደሉ የተበላሸ፣ ጣቱ የበዛ፣ ከመኪና ጀርባ ገብቶ የማይወጣ ሰው ይገኛል። ግን መሣሪያው በየወሩ ስለሚሻሻል ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ እውነተኛ አፈሳ ቢሆን ሌላ ሰው ከሌላ አቅጣጫ ቀርጾት ይሆን ነበር። ሁለተኛ መስካሪ ፈልጉ፤ ሽማግሌዎቹም ያሉት ይህንኑ ነው።

እውነት ሲሆንስ?

ማጣራት ማለት ሁሉን መካድ አይደለም። ይህ ካልተባለ ምዕራፉ ጉዳት ያመጣል።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። ብዙ ሰው ውሸት እንዲሆን ተመኘ። መንግሥት በማግስቱ የሟቾቹን ኢትዮጵያዊነት አረጋገጠ፤ አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ተተከለ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሂውማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ስለፈጸሙት ግድያ ሪፖርት አወጣ። ከተረፉት ሰዎች ቃል ሌላ መርማሪዎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፉ ከ350 በላይ ቪዲዮዎችና ፎቶዎችን አጥንተዋል። የተራራውን ቅርጽ ከሳተላይት ምስል ጋር እያስተያዩ ቦታውን ለዩ፤ የቁስሉን ዓይነት ለሐኪሞች አሳዩ። ስደተኛ በተሰነጠቀ ስልክ የቀረጸው፣ ማንም ያላመነው ምስል በዚህ መንገድ ማስረጃ ሆነ።

በ2017 ዓ.ም. ከሊቢያ፣ ኩፍራ የወጣው የታሰረች ኢትዮጵያዊት ምስልም ገንዘብ ለመጠየቅ ለቤተሰብ የተላከ ነበር። እንዲህ ያለው ቤዛ መጠየቂያ እጅ ሲገባ ለሌላ ሰው ማዳረስ አጋቹን ያጠናክራል፤ የተያዘውንም ሰው ያዋርዳል። ይጠበቅ፣ አይጥፋ፣ ቁጥሩና ቀኑ ይመዝገብ፣ ለፖሊስና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቅረብ። ማስረጃ ነውና።

የሾኔዋ እናት

አሁን ወደዚያች ማታ እንመለስ፤ ሴትዮዋን ሾኔ እናስቀምጣት። የታሰበች ሴት ናት፤ ማታው ግን የብዙ ቤት ማታ ነው። ቪዲዮው ደርሷታል፤ እጇ እየተንቀጠቀጠ ነው። ልጇ አያነሳም።

ጎረቤቷ ሞዛምቢክ ላይ ተይዞ ከብዙ ወራት በኋላ የተመለሰ፣ ከዚያም በፊት ሰባት ዓመት ጆሃንስበርግ የኖረ ባጃጅ ነጂ ነው። ትጠራዋለች። «እማማ፣ ይቀመጡ እስቲ» ይልና ስልኩን ይቀበላል። መጀመሪያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይሰማል። ዙሉ ነው። እንግዲህ ደቡብ አፍሪካ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያቆመዋል፤ የመኪናውን ሰሌዳ ያሰፋል፤ በ«ጂ» እና «ፒ» ያበቃል። «ጆበርግ ወይም ፕሪቶሪያ ነው። ልጅዎ የት ነው ያለው?» ይጠይቃታል። ኬፕታውን ነው። «እማማ፣ ይሄ ከእሱ 1,400 ኪሎ ሜትር ይርቃል።»

ሴትዮዋ ትንሽ ትተነፍሳለች፤ እሱ ግን አልጨረሰም። ቪዲዮው ላይ ያለውን የቲክቶክ ስም ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ሌላ ሰው ነው፣ የለጠፈውም ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መረጃ አጣሪዎቹ ኢትዮጵያ ቼክ ወይም ሀቅቼክ ስለዚህ ምስል የጻፉት እንዳለ ያያል፤ መቀመጫው ጆሃንስበርግ የሆነው፣ በእነሱ 2012 የተቋቋመው አፍሪካ ቼክ ገጽ ላይም ያስሳል። ከዚያ ኬፕታውን ላለ አንድ የዶዮገና ልጅ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ይልካል፤ «እናንተ ጋ ዛሬ ምን አለ?»

ኔትወርክ ከሌለ ከዚህ ሁሉ የሚቀረው የመጨረሻው ነው፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ሀዲያና ከምባታ ውስጥ በየቀበሌው ፕሪቶሪያን፣ ደርባንን፣ ፖርት ኤልሳቤጥን በእግሩ የሚያውቅ ሰው አለ። ከመንገድ የተመለሰ ሰው በሰፈር ብዙ ጊዜ እንዳልተሳካለት ተቆጥሮ ጥግ ይይዛል፤ ያጠፋው ገንዘብ እንጂ ያመጣው እውቀት አይታይም። ሰሌዳ ማንበብ፣ የፖሊስን ልብስ ከዘራፊ መለየት፣ ጩኸቱ የደስታ ይሁን የፍርሃት ማወቅ የትም ትምህርት ቤት አይሰጥም። የእድሩ ስብሰባ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለ ሁለት ሰው ቢመረጥና «ከነሱ ሳያልፍ የውጭ ቪዲዮ አይለጠፍ» ቢባል ምንም በጀት አይጠይቅም።

ምናልባት ልጁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይደውላል፤ ሱቅ ዘግቶ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ትቶ ነበር። ምናልባትም አይደውልም፤ ያኔ ባጃጅ ነጂው የሚያደርገው ሌላ ነገር አለ። ብቻዋን እንዳትሆን አንዲት ጎረቤት ይጠራል፤ ለራሱ ደግሞ ስልኩን ይዞ ደጅ ይወጣና መደወሉን ይቀጥላል። ያገኘውን ግማሽ ወሬ ተመልሶ ገብቶ አይነግራትም።

ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኩ የነበሩት ሽማግሌዎች ወሬውን የሰሙት ማታ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ ይዘውት አድረዋል።